ስለ ማይኒንግ ማሽኖቹ ለጠቅላላ ስብሰባችን ያቀረብነው ንግግር

(የቁጠባና ብድር ኮሚቴው አቃቂ በሰቃ በሚገኘው የእንጀራ መጋገሪያ ቤታችን ባደረግነው ስብሰባ ላይ ያቀረበው ነው። ለዚህ ዕትም ሲባል ጥቂት አሳጥረነዋል።)



ባለፈው ስብሰባ የቤት ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። ለዛሬ እንግዶቻችን ነገሩን ከመጀመሪያው እንናገር። የአንዲት አባላችን ልጅ በኮምፒውተር ትምህርት የተመረቀ ነው። ሁለት የቢትኮይን ማይኒንግ ማሽኖች ከብድር ካዝናችን ገዝተን እዚሁ መጋገሪያ ቤት እንድንተክል፣ እርሱ ደግሞ ከቤቱ ሆኖ በላፕቶፕና በስልክ እንዲያስተዳድርልን ሐሳብ አቀረበ። ከነገመዱና ከነኢንተርኔቱ 180,000 ብር ይጠይቃል። ይህ ካዝናችን ውስጥ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነው። ግማሾቻችሁ አጨበጨባችሁ። ግማሾቻችሁ «ይህ ቁማር ነው» ብላችሁ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ልትወጡ ተነሣችሁ። ያን ቀን ሳንስማማ ተለያየን፤ እኛም አጥኑና ንገሩን ተባልን።

ከአምስታችን የኮሚቴ አባላት ሁለታችን ማንበብና መጻፍ የተማርነው እዚሁ ማኅበር ውስጥ ነው። ስለዚህ ያጠናነው እየጠየቅን ነው። የጠየቅነውም ብዙውን አንዲት ልጃችንን ነው። እናቷ ከእናንተ መካከል ተቀምጣለች። ልጅቷ ከከተማ ወጣ ባለ የዳታ ማይኒንግ ጣቢያ ተቀጥራ ጥቂት ወራት በቦታው ከሠራች በኋላ፣ አሁን ማታ ማታ እዚህ በሰቃ ከእናቷ ቤት ሆና ማሽኖቹን ትከታተላለች። ሦስት ሌሊት አብረናት አደርን። ቡናውን እኛ አፈላን፤ እርሷ አስተማረችን።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሆነ እንናገር። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ሲባል መስኮት ያለው፣ ፊደል የሚጻፍበት ዕቃ ይመስለን ነበር። ይህ ግን መስኮት የለውም፣ የሚጻፍበትም የለውም። የጫማ ካርቶን ሁለቱን ብትደራርቡ የሚያክል ብረት ሳጥን ነው። ልጁ ሊገዛልን ያሰበው አንትማይነር ኤስ 19 የሚባለውን ነው። ውስጡ በማስሊያ ቺፕ የተሞሉ ሦስት ሰሌዳዎች አሉት፣ ከፊትና ከኋላ አራት ማራገቢያዎች አሉት። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ቁጥር መገመት። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከዘጠና ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይገምታል። በዓለም ዙሪያ ያሉ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ግምት ይሽቀዳደማሉ። በግምት በየ10 ደቂቃው አንዱ ይመታዋል፣ የመታውም የዚያን ጊዜውን የቢትኮይን ዝውውር በመዝገቡ ላይ አንድ ገጽ አድርጎ ይጽፋል፣ ለዚህም 3.125 ቢትኮይን ይከፈለዋል። ይህ ክፍያ በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ እስከ ሚያዝያ 2016 ድረስ 6.25 ነበር።

አንዲት እናታችን ይህን ስትሰማ «ታዲያ ዕቁብ ነዋ» አለች። ልክ ናት፤ ግን አንድ ልዩነት አለው። በእኛ ዕቁብ ሰው ሲጨመር የሚወጣው ገንዘብም ይጨምራል። በዚህ ግን የሚወጣው በቀን 450 ቢትኮይን ያህል ነው፤ ተጫዋቹ ቢበዛም ቢያንስም ያው ነው። አባሉ ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ እየሳሳ ይሄዳል። ብቻውን የቆመ አንድ ማሽን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ገምቶ ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ባለማሽኖች በወንፈል ይሠራሉ፤ ይህን ወንፈል «ፑል» ይሉታል። በሺህ የሚቆጠሩ ማሽኖች አብረው ይገምታሉ፣ አንዱ ሲመታ ሁሉም በሠራው ልክ ይከፋፈላል።

አተካከሉ ከምናስበው በላይ ቀላል ነው። ልጃችን ሠርታ አሳየችን። ማሽኑ ሁለት የመብራት ገመድና አንድ የኢንተርኔት ገመድ ይሰካበታል። ሲበራ በቤቱ ኔትወርክ ላይ አንድ አድራሻ ያገኛል፣ ልክ እንደ ቤት ቁጥር ማለት ነው። በዚያው ኔትወርክ ላይ ባለ ላፕቶፕ ያንን አድራሻ ሲጽፉ የማሽኑ ገጽ ይከፈታል። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱም አንድ የታወቀ ቃል ናቸው፤ መላው ዓለም ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ያንን መለወጥ ነው። ቀጥሎ ሦስት ነገር ይሞላል፤ የፑሉ አድራሻ፣ የሠራተኛው ስም፣ የይለፍ ቃል። «ሠራተኛ» የሚሉት ሰውን አይደለም፣ ማሽኑን ነው። ከዚያ ማስቀመጥና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ማራገቢያዎቹ ማጓራት ይጀምራሉ።

ማጓራቱን እንዳትንቁት። ማሽኑ ሲጮህ 75 ዴሲቤል ያህል ነው። ሁለቱን እዚህ ብንተክል በዚህ ቤት ወሬ ማውራት ይቀራል፤ ወፍጮ ቤት እንደምናደርገው በምልክት እንግባባለን።

ከባዱ ሥራ ከተተከለ በኋላ ያለው ነው። ልጃችን የምትጠብቃቸው ማሽኖች ላፕቶፗ ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረው ይታያሉ። ደህና የሆነው አረንጓዴ ነው፣ የደከመው ቢጫ፣ የጠፋው ቀይ። ከጎኗ ደብተር አለ። የማሽኑን ቁጥር፣ መደርደሪያውን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ምን እንዳደረገች ትጽፋለች። ደብተሩን ስናይ የራሳችንን የሒሳብ መዝገብ መሰለን፤ ከኛም ይልቅ ንጹሕ ነው ብንል ጸሐፊያችን አትቀየመንም።

በሁለተኛው ሌሊት አንዱ ማሽን ቢጫ ሆነ። 95 ይሠራ የነበረው 63 ላይ ወርዷል። «አንድ ሰሌዳ ሞቷል» አለች ወዲያው። እንዴት አወቅሽ ስንላት ሳቀች። ሦስት ሰሌዳ አለው፣ አንድ ሦስተኛው ጠፋ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አጥፍታ አበራችው። አልተመለሰም። በደብተሯ ጻፈችና ለቀን ሠራተኞች መልእክት ላከች። ሰሌዳ መቀየር ከሩቅ አይቻልም፤ እጅ ይፈልጋል።

ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማሽኑ ብቻውን ነው የጠፋው ወይስ ከጎረቤቶቹ ጋር? ብቻውን ከሆነ ችግሩ ከራሱ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት ነው፣ እምቢ ካለ ከሩቅ በሚታዘዘው ማከፋፈያ መብራቱን ቆርጦ መልሶ መስጠት ነው። አንድ መደርደሪያ ሙሉ ከጠፋ ብሬከር ወርዷል ወይም የኢንተርኔት ማከፋፈያው ሞቷል፤ ያን ጊዜ በቦታው ያለው ጥበቃ ይደወልለታል። ሙቀቱ ከወጣ አቧራ ነው ወይም ማራገቢያ ነው። ማሽኑ በራሱ ገጽ ላይ ደህና እየሠራ በፑሉ ሒሳብ ላይ ካልታየ ግን ልቧ ይደነግጣል። ይህ ማለት አንድ ሰው ገብቶ የፑሉን አድራሻ ወደራሱ አዙሮታል ማለት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሲሠራ ያድራል፣ መብራቱ የእናንተ ነው፣ ገንዘቡ ለሌባው ይገባል። ለዚህ ነው የማሽኖቹ ገጽ ለማንም በኢንተርኔት ክፍት የማይተወው፤ እርሷም የምትገባው በተቆለፈ መስመር፣ ቪፒኤን በሚሉት በኩል ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሌሊት በሰቃ መብራት ጠፋ። እናቷ ሻማ ለኮሰችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ልጅቷ ስልኳን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝታ በስልኩ ኢንተርኔት ሥራዋን ቀጠለች። በመስኮቱ ላይ ያሉት አራት ማዕዘኖች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። እኛ በሻማ፣ ማሽኖቹ በመብራት። አንዷ የኮሚቴ አባላችን ይህን አይታ የተናገረችውን እዚህ አንደግመውም፤ ደጋፊዎቻችን አሉ።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ጠይቀን የተረዳነውን እንናገር። ኃይል የሚያመነጨውና በትልቁ መስመር የሚያጓጉዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ወደየቤታችን የሚያከፋፍለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ትልልቆቹ ማይኒንግ ጣቢያዎች ከትልቁ መስመርና ከሰብስቴሽን በቀጥታ ይወስዳሉ። የእኛ ሰፈር የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በሰፈሩ መስመርና ትራንስፎርመር ምክንያት ነው። ስለዚህ ማሽኖቹ ቢቆሙ በዚያው ሌሊት በሰቃ ይበራል ማለት አይደለም። ቅሬታ ያላችሁ ቅሬታችሁን አትተዉ፤ ለትክክለኛው ቢሮ አቅርቡት ነው የምንለው።

ቻይናዎቹ ለምን እዚህ መጡ ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ቻይና በ2013 ማብቂያ ላይ በአገሯ ማይኒንግን ስትከለክል ባለማሽኖቹ ርካሽ መብራት ፍለጋ ተበተኑ። እኛ ዘንድ የውኃ ኃይል አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለእነዚህ ድርጅቶች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ፣ በውጭ ምንዛሪ መሸጥ ጀመረ። በ2016 በወጣው ዘገባ ውል የያዙት 21 ነበሩ፣ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ናቸው። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር የ250 ሚሊዮን ዶላር የዳታ ማይኒንግ ፕሮጀክት መግባቢያ ፈረመ። ኋላ ግን ጠያቂው በዛ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከመመረቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት ተቋሙ ለአዳዲስ ማይኒንግ ጠያቂዎች ኃይል መስጠት ማቆሙን ኃላፊው ተናገሩ።

የመብራቱን ብዛት በእኛው አገር ነገር እንለካው። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ፣ አባ ሳሙኤል አለ። በአገራችን ከቀደሙት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች ነው፤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሞቶ ቆይቶ በ2009 ታድሶ ሥራ ጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። አንድ ኤስ 19 ማሽን 3,250 ዋት ይበላል። አካፍሉት፤ አባ ሳሙኤል በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ የሚቀልበው ሁለት ሺህ ያህል ማሽን ነው። ልጃችን የሠራችበት አዳራሽ ውስጥ ከዚያ በላይ ነበር።

ለእኛ ለጋጋሪዎች ደግሞ ከዚህም የቀለለ መለኪያ አለ። 3,250 ዋት ማለት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው፤ ትንሽ ይበልጥ ትንሽ ያንስ። ልዩነቱ ምጣዳችንን ማለዳ ለኩሰን ቀትር ላይ እናጠፋዋለን። ማሽኑ ሌት ተቀን፣ እሑድ ከሰኞ፣ በፍልሰታም በፋሲካም ይነዳል። በቀን 78 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 2,340። ሁለቱ 4,680። እንጀራ አይወጣበትም፤ ሙቀት ብቻ ነው የሚወጣው። የመብራት ሠራተኛ አምጥተን ሳጥናችንን አሳየነው። ምጣዶቹ ሁሉ በርተው ሁለቱ ማሽኖች ቢጨመሩ ገመዱ አይችልም አለን። መስመሩ ሊቀየር ነው፣ ይህ ወጪ በልጁ ወረቀት ላይ የለም። በዚያ ላይ አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አለፍ ያለ ቦታ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የዱቄታችን ብናኝ ደግሞ ተጨምሮበት! ማሽኑ በወሩ ራሱ እንጀራ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ልጁን መበደል አንፈልግም። ወረቀቱ የውሸት አልነበረም። እኛም በልጃችን እርዳታ ደግመን ሠራነው። በ2017 ማብቂያ የዓለም ማሽኖች ጠቅላላ ጉልበት 900 ኤክሳሃሽ ያህል ነበር። የአንዱ ማሽን ድርሻ ከዘጠኝ ሚሊዮን ተኩል አንድ እጅ ይሆናል። 450 ቢትኮይን ለዚያ ሲካፈልና አንዱን ቢትኮይን በ100,000 ዶላር ብንይዘው፣ ማሽኑ በቀን 4 ዶላር ከ75 ሳንቲም ገደማ ያስገባል። ትልልቆቹ ለመብራት በቀን 2 ዶላር ተኩል ያህል ይከፍሉበታል። እኛ በመጋገሪያ ቤታችን ደረሰኝ ዋጋ ስናባዛው ከገቢው ከግማሽ በላይ ለመብራት ይሄዳል፣ የቀረው ግን ትርፍ ነው። በወረቀት ላይ ትርፍ አለው። ይህን የማንናገር ከሆነ ያጨበጨባችሁትን ሴቶች ሞኝ ማድረግ ይሆንብናል፤ ሞኝ አልነበራችሁም።

ወረቀቱ የማያሳየው ሌላ ነው። ያ 900 የተባለው ከሁለት ዓመት በፊት የዚህ ግማሽ ያህል ነበር። ማሽናችን ሳይለወጥ፣ ሳይበላሽ፣ እንደ ተተከለ ሆኖ ድርሻው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። በ2020 ገደማ ክፍያው ራሱ ዳግመኛ ይገመሳል። የቢትኮይን ዋጋ ደግሞ በኅዳር 2015 ወደ 16,000 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ኅዳር 2017 ላይ 100,000 አለፈ። ወደ ላይ የወጣ ሁሉ የሚያወራው የወጣበትን ነው። ባንኩ ውስጥ የተቀመጠው የእናንተ የሳምንት ቁጠባ እንዲህ እንዲወጣና እንዲወርድ ፈቅዳችሁ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን፤ ለዚህ ነው ዛሬ የምንጠይቃችሁ።

ሕጉስ? የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየትና ክፍያ መፈጸም ሕጋዊ አለመሆኑን አሳውቋል። በነሐሴ 2014 ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢንሳ የምንለው፣ በማይኒንግና በክሪፕቶ ዝውውር የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠየቀ። ትልልቆቹ ተመዝግበው፣ የኃይል ውል ፈርመው ይሠራሉ። የእኛ ቆጣሪ ግን ለእንጀራ መጋገሪያ የተሰጠ ነው። ማሽኖቹም ሥራ ካቆመ ቦታ የወጡ ናቸው ተባልን እንጂ የግዢና የጉምሩክ ወረቀት ሲጠየቅ አልቀረበም። እሺ፣ ይህ ሁሉ ተስተካከለ እንበል። ማሽኑ ቢትኮይን አመጣ። ታዲያ ገንዘብ ያዣችን በገቢ መዝገቡ ላይ ምን ብላ ትጻፈው? በየትኛው ደረሰኝ? በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተሩ መጥቶ «ይህ ገንዘብ በማን በኩል ብር ሆነ?» ቢለን መልስ የለንም። ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት የምናደርገው በደረሰኝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ቁልፉ ነው። ይህን ከጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳጥን ተመልከቱት። ማኅበሩ ሲጀመር የተገዛ ነው፤ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ባንክም ስንሄድ እንዲሁ ሦስት ፊርማ ነው። ከእናንተ አንዷ ቁልፏን ጠፍቶባት ሁለት ሳምንት ቁጠባ ሳንሰበስብ የቀረንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ ተናደድን፣ ግን ሳጥኑን አልሰበርነውም። የቢትኮይን ቦርሳ ቁልፉ ቃላት ናቸው። 12 ወይም 24 ቃላት በተርታ። እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው ገንዘቡን ይዟል። ቃላቱ ከጠፉ ገንዘቡ ጠፋ፣ ባንክ የለም፣ ቀበሌ የለም፣ መታወቂያ አምጥቼ ላስመልስ የሚባል ነገር የለም። በልጁ ዕቅድ ቃላቱ በእርሱ እጅ ብቻ ናቸው። የማሽኑም የይለፍ ቃል፣ የፑሉም ሒሳብ በእርሱ ስም ነው። እርሱን ሌባ እያልን አይደለም፤ እጃችን ላይ ያደገ ልጅ ነው። ሰው ይታመማል፣ ይሰደዳል፣ ስልኩ ይሰረቃል። ገንዘቡን በሦስት ሰው ፈቃድ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ቦርሳ ማዘጋጀት እንደሚቻል ልጃችን ነግራናለች። ይህን ለልጁ ስናነሣለት ጥቂት ዝም ብሎ «አላሰብኩበትም» አለን። እውነቱን ስለነገረን እናመሰግነዋለን።

አሁን ልንሸሽገው የማንችለውን እንናገር። ባለቤቷ ፈቅዳልናለች፣ ስሟን ግን አንጠራም።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ለጤፍና ለዱቄት ብላ 30,000 ብር ተበደረች። ከራሷ 12,000 ጨመረች። ጤፍ አልተገዛም። በቴሌግራም የመጣላት «የማይኒንግ ጥቅል» ነበር፤ ማሽን አለን፣ እኛ በርቀት እናንቀሳቅስልሻለን፣ አንቺ በስልክሽ ገቢሽን ብቻ ተመልከቺ የሚል። ገንዘቡን የላከችው ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ ነው። ስልኳ ላይ ቁጥሩ በየቀኑ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ትንሽ ትንሽ ወጣላት፤ በዚያ ደስታ የእህቷንም 5,000 ጨመረች። በሁለተኛው ወር «ለማውጣት ግብር ክፈዪ» ተባለች። ከፈለች። ከዚያ ገጹ ጠፋ፤ ግሩፑም ጠፋ።

ማሽን አልነበረም። የሚያድገው ቁጥር ብቻ ነበር። በውጭ አገርም እንዲሁ ሆኗል፤ ቢትክለብ ኔትወርክ የሚባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2014 እስከ 2019 የማይኒንግ ድርሻ እየሸጠ ሕዝብ ሰብስቦ፣ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ሲከሳቸው ገንዘቡ 722 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር። ያም ሰዎች የሚያዩት የማይኒንግ ገቢ የተባለ ቁጥር ነበር።

በዚህ ነገር የመጀመሪያው ጥፋት የእኛ ነው። የብድር ደንባችን ብድር ከተሰጠ በወሩ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሄደው ሥራውን እንዲያዩ ያዛል። አልሄድንም። የዓመት በዓል ሰሞን ነበር፣ ሴትዮዋን እናምናታለን አልን፣ ዘለልነው። ሄደን ቢሆን ባዶ ጎተራ እናይ ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ግማሹን አልላከችም ነበር። እርሷ ለሦስት ወር ስብሰባ ቀረች። አመመኝ አለች። ሁላችንም ማሳከኩን እያወቅን ዝም አልን። በኋላ ልጇ መጥታ ለአንዷ ነገረቻት። ቤቷ ስንሄድ በር አልከፈተችም፤ ሁለተኛ ቀን ሄድን፣ ከፈተች። ዛሬ እዚህ አለች። ከብድሯ 9,500 ብር መልሳለች፣ የቀረውን በሳምንት 250 ብር እየከፈለች ነው፤ ከሳምንት ቁጠባዋም አላቋረጠችም። ወለዱን እንሰርዝላት የሚል ሐሳብ ከእናንተ መጥቷል፣ እርሱን ከዚህ ጉዳይ ቀጥሎ በተለየ ድምፅ እንወስናለን።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። ማሽኖቹ በማኅበሩ ገንዘብ እንዳይገዙ። ልጁ በራሱ ገንዘብ፣ ወረቀቱን አሟልቶ፣ በራሱ ቤት ቢሠራ ያ የራሱ ጉዳይ ነው፤ በማኅበሩ ስም ግን አይሆንም። ከእናንተ መካከል ማንም ሴት የማኅበሩን ብድር ለዚህ እንዳታውል፣ የወር ጉብኝቱም ለማንም ሳይዘለል እንዲደረግ፤ ለኮሚቴ አባላትም ጭምር።

ሌላው ሐሳብ ከልጃችን ሥራ የመጣ ነው። እኛ ማሽኑን ስንመለከት ከርመን እርሷን ሳናያት ልንቀር ነበር። ደመወዟ የሚመጣው ቢትኮይን ወጣ ወረደ ሳይል ነው። የምታውቀው ነገር፣ ኔትወርክ መከታተል፣ ብልሽት ከሩቅ መለየት፣ በደብተር መያዝ፣ በሆስፒታልም በባንክም በፋብሪካም ይፈለጋል። ሁለት የአባላት ሴት ልጆች ከእርሷ ጋር ሌሊት ተቀምጠው ለመማር ጠይቀዋል። አንደኛዋ የአምስት ሚሊዮን ኮደርስን ነፃ ትምህርት በስልኳ ጨርሳለች፣ በስልክ! ላፕቶፕ የላቸውም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ብድር፣ በተለመደው ወለድ፣ በሁለት ዋስ፣ እናቶቻቸው ፈርመው እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ሴት ልጅ ሌሊት አትሠራም የምትሉ አላችሁ፤ ሥራው እናቷ ከምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፣ መጥታችሁ እዩ፣ ቡና ይዛችሁ ኑ።

ልጁም ሊናገር ይፈልጋል፤ ወንድ በስብሰባችን አይናገርም የሚል ደንብ የለንም፣ ዐሥር ደቂቃ ተሰጥቶታል። ከእርሱ በኋላ ጥያቄ፣ ከጥያቄ በኋላ ድምፅ። ነጩ ወረቀት ለማሽኑ ነው፣ ቢጫው ለላፕቶፑ። ማንበብ የሚያስቸግራችሁ ጸሐፊዋ ሳትሆን የመረጣችሁት ጎረቤት ታንብብላችሁ። ቁልፍ የያዛችሁ ሦስታችሁም ወደፊት ቅረቡ፤ ሳጥኑ ይከፈትና ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ይገባል።

(በዕለቱ 37 አባላት ድምፅ ሰጥተናል። ማሽኖቹ እንዳይገዙ 28 ወሰኑ፣ 9 ተቃወሙ። የላፕቶፑ ብድር በ31 ድምፅ ጸድቋል። የተቃወሙት ዘጠኙ ጉዳዩ ከአንድ ዓመት በኋላ ዳግም እንዲታይ ጠይቀው በቃለ ጉባኤ ተይዞላቸዋል።)